የጋርሚሽ የቁልቁለት ውድድርና የማይስማሙት ሁለት ውጤቶች

ስለ ኦሊምፒክ ጨዋታ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1936 በጀርመን አገር በጋርሚሽ ፓርተንኪርሽን ከተማ የተደረገውን የክረምት ኦሊምፒክ ሲያነሡ፣ በሴቶች የስኪ ውድድር የወርቅ ሜዳይ ያገኘችው ክሪስትል ክራንትስ የተባለች ጀርመናዊት መሆኗን ጽፈው ያልፋሉ። ነገሩ እውነት ነው። ነገር ግን የውጤቱን ሰንጠረዥ ጠጋ ብለን ስንመለከት፣ በመጀመሪያው ቀን በተደረገው የቁልቁለት ውድድር ይህች ሴት ወድቃ ስድስተኛ መውጣቷን፣ አንደኛ የወጣችው ደግሞ ገና 16 ዓመቷ የነበረ አንዲት የኖርዌይ ልጅ መሆኗን እናገኛለን። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የዚያን ቀን ውድድር፣ ከዚያም በፊት የነበረውን ታሪክ፣ ሜዳዩም በምን ዓይነት ሒሳብ እንደ ተሰጠ ለመግለጽ አስበናል። ዓመቶቹን የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የጻፍንበት ቦታ ላይ «ዓ.ም.» ብለን ለይተናል።

ስለ ስኪ ያላነበበ ሰው ይኖር ይሆናልና በመጀመሪያ ጥቂት መግለጽ ያስፈልጋል። በአገራችን በራስ ዳሸንና በስሜን ተራሮች ጫፍ አንዳንድ ጊዜ ከሚታየው አመዳይ በቀር፣ መሬቱን ሸፍኖ ወራት የሚቀመጥ በረዶ የለም። በሰሜን አውሮፓ ግን ክረምቱ ሲገባ መንገዱም ሜዳውም በበረዶ ይዋጣል። ስለዚህ የኖርዌይና የስዊድን ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ረዥምና ጠባብ ሳንቃ ጠርበው፣ ጫፉን ወደ ላይ ቀልብሰው፣ ከጫማቸው ሥር እያሰሩ በበረዶው ላይ ተንሸራትተው ይሄዱ ነበር። አደን የሚወጣውም፣ ዘመድ የሚጠይቀውም፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመውም ሁሉ በዚሁ ነበር የሚጓዘው። ስኪ ለነርሱ፣ በቅሎ ለአባቶቻችን እንደ ነበረችው ያለ ነገር ነበር ማለት ይቻላል።

ይህ መጓጓዣ ከኖርዌይ ተሻግሮ ወደ አልፕስ ተራሮች ሲደርስ ግን ጠባዩን ለወጠ። የአልፕስ ተራራ ቀጥ ያለ ነው፤ በዚያ ላይ ረዥም መንገድ ከመጓዝ ይልቅ ከከፍታው ተነሥቶ ቁልቁል መውረድ ይቀናል። ከዚህም የተነሣ ሁለት አዲስ የውድድር ዓይነቶች ተፈጠሩ። አንደኛው ከተራራው ራስ ተነሥቶ እስከ ግርጌው በተቻለ ፍጥነት የሚወረድበት የቁልቁለት ውድድር ነው። ሁለተኛው ስላሎም ይባላል፤ በዚህ ተወዳዳሪው ጥንድ ጥንድ ሆነው በተተከሉ ባንዲራዎች መካከል ቶሎ ቶሎ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። የቁልቁለቱ ድፍረትና ጉልበት ሲፈልግ፣ ስላሎም ደግሞ ቅልጥፍናና ሚዛን ይፈልጋል። የዛሬውን ዓይነት ስላሎም በ1922 በስዊስ አገር ሙረን በምትባል የተራራ መንደር ላይ ያዘጋጀው አርኖልድ ለን የተባለ እንግሊዛዊ ነበር። በዚያችው መንደር በ1923 እንግሊዛውያን ሴቶች የራሳቸውን የስኪ ክበብ አቋቋሙ። በዚያን ጊዜ ሴት ልጅ ሱሪ ለብሳ ተራራ መውጣቷ ራሱ ብዙ የሚያነጋግር ነገር ነበር።

የስኪ አባቶች ነን የሚሉት ኖርዌያውያን ይህን አዲስ ነገር አልወደዱትም። ለነርሱ እውነተኛ ስኪ ማለት ረዥሙ የአገር አቋራጭ ጉዞና ከፍታ ላይ ተነሥቶ መዝለል ነበር፤ ተራራ መውጣቱን ትቶ መውረዱን ብቻ መወዳደር የሰነፍ ሰው ጨዋታ መስሎ ይታያቸው ነበር። ብዙ ክርክር ከተደረገ በኋላ የዓለም የስኪ ፌዴሬሽን በ1930 በኦስሎ ባደረገው ጉባኤ ሁለቱን ውድድሮች ተቀበለ። በሚቀጥለውም ዓመት በሙረን የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ተደረገ። በዚህ ሻምፒዮና ሴቶችም ከወንዶች እኩል ገብተው ነበር፤ ኤስሜ ማኪነን የተባለች የብሪታንያ ተወዳዳሪ የቁልቁለቱንም ስላሎሙንም አሸነፈች። እንግዲህ የሴቶች የቁልቁለት ውድድር ታሪክ ከወንዶቹ ወደ ኋላ ቀርቶ የተጀመረ አይደለም። ይህን የምንጠቅሰው በሌሎቹ ስፖርቶች ነገሩ እንዲህ ስላልነበረ ነው።

በክረምት ኦሊምፒክ እስከ 1936 ድረስ ለሴቶች ሜዳይ የሚሰጥበት ስፖርት በበረዶ ላይ የሚደረገው የጭፈራ ስኬቲንግ ብቻ ነበር። በበጋው ኦሊምፒክም ቢሆን በ1928 በአምስተርዳም ሴቶች 800 ሜትር ከሮጡ በኋላ፣ ይህ ርቀት ለሴት አካል አይስማማም ተብሎ እስከ 1960 ድረስ ተሰርዞ ቀረ። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም። ደራርቱ ቱሉ በ1992 በባርሴሎና ያሸነፈችበት የ10,000 ሜትር ሩጫ ለሴቶች የተፈቀደው ከዚያ አራት ዓመት ብቻ ቀደም ብሎ በ1988 ነበር። ከዚያ በፊት የተወለደች ሌላ ደራርቱ ብትኖር ኖሮ በምን ትወዳደር ነበር ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

የኖርዌይዋ ልጅ ላይላ ሹ ኒልሰን የደረሰባት እንዲህ ያለ ነገር ነበር። ላይላ በመጋቢት ወር 1919 የተወለደች ስትሆን፣ ዋና ሞያዋ ስኪ አልነበረም። በብረት ስለት ባለው ጫማ በረዶ ላይ የሚሮጥበትን የፍጥነት ስኬቲንግ ገና በልጅነቷ ተክናበት የዓለም ክብረ ወሰን እስከ መስበር የደረሰች ልጅ ነበረች። ነገር ግን የሴቶች የፍጥነት ስኬቲንግ በ1932 በአሜሪካ በሌክ ፕላሲድ ለማሳያ ያህል ከመታየቱ በቀር በኦሊምፒክ መዝገብ አልገባም ነበር። በጋርሚሽም አልተፈቀደም። ስለዚህ ላይላ ኦሊምፒክ መሄድ ከፈለገች በሌላ ስፖርት መግባት ነበረባት፤ የመረጠችውም በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኦሊምፒክ የገባውን የቁልቁለትና የስላሎም ስኪ ነው። አገሯ ያንቋሸሸችውን ስፖርት ማለት ነው።

ክሪስትል ክራንትስ በበኩሏ የዚሁ ስፖርት ንግሥት ነበረች። በ1914 በብራስልስ ከጀርመን ቤተሰብ ተወልዳ፣ በ1934 በሴንት ሞሪትዝና በ1935 በሙረን በተደረጉት የዓለም ሻምፒዮናዎች በጠቅላላው አራት የወርቅ ሜዳይ አግኝታ ነበር። ከነዚህም አንዱ በቁልቁለት ውድድር የተገኘ ነው። በጋርሚሽ ትሸነፋለች ብሎ የጠረጠረ ሰው ብዙ አልነበረም።

በጋርሚሽ የወጣው ደንብ እንዲህ ነበር። ለቁልቁለቱ ብቻ ወይም ለስላሎሙ ብቻ ሜዳይ አይሰጥም። ሁለቱ በሁለት ቀን ተደርገው ውጤታቸው በአንድ ላይ ይታሰባል፤ ከዚያ በኋላ በጠቅላላው ለበለጡት ሦስት ሴቶች ሜዳይ ይሰጣል። የወንዶቹም ደንብ ይኸው ነበር።

የቁልቁለቱ ውድድር የተደረገው ዓርብ የካቲት 7 ቀን 1936 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ጥር 29 ቀን 1928 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ከ13 አገሮች የመጡ 37 ሴቶች ተሰለፉ። በዚህ ውድድር ተወዳዳሪዎቹ እንደ ሯጮች በአንድ ጊዜ አይነሡም፤ አንድ በአንድ በየተራ ይለቀቃሉ፤ የሚወዳደሩትም ጎን ለጎን ካለ ሰው ጋር ሳይሆን ከሰዓት ጋር ነው። ስለዚህ በመንገድ ላይ ያለችው ሴት ማንን እንደ ቀደመች ወይም ማን እንደ ቀደማት አታውቅም። ስኪያቸው ከእንጨት የተሠራ ነበር። ራሳቸው ላይ የሚደፉት ቆብ እንጂ እንደ ዛሬው ጠንካራ የራስ መከላከያ አልነበረም፤ በመንገዱ ዳርም የወደቀውን የሚይዝ መረብ አልተዘረጋም። መንገዱ እንደ ዛሬው በመኪና ተደምድሞ የተስተካከለ ባለመሆኑ፣ ጉድባና ጉብታ ሲያጋጥም እግር ካላጠፈ ሰው የሚያመልጥ አልነበረም። ዛሬ የሴቶች የቁልቁለት ውድድር ወደ አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ይፈጃል። በዚያን ቀን ግን ከሁሉ የፈጠነችው ሴት እንኳ ከአምስት ደቂቃ በላይ ወስዶባታል። አምስት ደቂቃ ሙሉ ጉልበትን አጥፎ መውረድ ምን ያህል እንደሚያደክም ከተራራ ላይ በሩጫ የወረደ ሁሉ ይረዳዋል፤ ጉልበት የሚከዳው በዳገት ሳይሆን በቁልቁለት ነው።

ክሪስትል ክራንትስ በመንገድ ላይ ወደቀች። በቁልቁለት ስኪ መውደቅ ማለት ጊዜው ብቻ አይደለም የሚጠፋው፤ የነበረው ፍጥነት ሁሉ ይጠፋና እንደገና ከዜሮ መጀመር ይመጣል። ተነሥታ ጨረሰች። ሰዓቷ 5 ደቂቃ ከ23.4 ሴኮንድ ሆነ፤ ይህም ስድስተኛ አደረጋት። ላይላ ሹ ኒልሰን በ5 ደቂቃ ከ4.4 ሴኮንድ አንደኛ ወጣች። ሁለተኛ ጀርመናዊቷ ሊዛ ሬሽ በ5 ደቂቃ ከ8.4 ሴኮንድ፣ ሦስተኛ ደግሞ እዚያው ፓርተንኪርሽን የተወለደችው ኬቴ ግራሴገር በ5 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ሆኑ። እንግዲህ የዓለም ሻምፒዮኗ ከአንዲት የስኬቲንግ ተወዳዳሪ በ19 ሴኮንድ ወደ ኋላ ቀርታ ነበር።

በማግሥቱ ቅዳሜ ስላሎሙ ተደረገ። ተወዳዳሪዎቹ ሁለት ሁለት ጊዜ ይወርዱና ጊዜያቸው ይደመራል። በዚህ ቀን ክራንትስን የሚስተካከላት አልተገኘም፤ ሁለቱ ጊዜ ተደምሮ 2 ደቂቃ ከ22.1 ሴኮንድ ሆነላት። ግራሴገር በ2 ደቂቃ ከ33.4 ሴኮንድ ከኋላዋ ነበረች። በባንዲራ መካከል መጠማዘዙን እንደ ጀርመኖቹ ያልተለማመደችው ላይላ 2 ደቂቃ ከ43.4 ሴኮንድ ፈጀባት። በቁልቁለቱ ሁለተኛ የነበረችው ሊዛ ሬሽ ስላሎሙ አልቀናትምና በጠቅላላው ስድስተኛ ሆና ከሜዳዩ ውጭ ቀረች።

እዚህ ላይ የሒሳብ መምህሮቻችንን ደስ የሚያሰኝ ነገር አለ። ሜዳዩ የተሰጠው ሁለቱን ጊዜ ደምሮ አይደለም። በእያንዳንዱ ውድድር አንደኛ የወጣችው 100 ነጥብ ይሰጣታል። ሌሎቹ የሚያገኙት የአንደኛዋን ጊዜ ለራሳቸው ጊዜ አካፍለው በመቶ በማባዛት ነው። ከዚያ የሁለቱ ቀን ነጥብ ተደምሮ ለሁለት ይካፈላል። ክራንትስ በቁልቁለቱ 304.4 ሴኮንድ ለ323.4 ሲካፈል 94.12 ነጥብ አገኘች፤ በስላሎም ሙሉ 100 ስላላት አማካዩ 97.06 ሆነ። ግራሴገር በመጀመሪያው ቀን 97.88፣ በሁለተኛው 92.63 አግኝታ አማካይዋ 95.26 ነው። ላይላ 100 እና 86.96 አግኝታ በ93.48 ሦስተኛ ሆነች። ወርቁ ለክራንትስ፣ ብሩ ለግራሴገር፣ ነሐሱ ለላይላ ደረሰ።

አሁን ደግሞ በነጥብ ፈንታ ሰዓቱን እንዲሁ ደምረን እንየው። ክራንትስ በሁለቱ ቀን የፈጀባት ጊዜ በጠቅላላው 465.5 ሴኮንድ ነው። ግራሴገር የፈጀባት 464.4 ሴኮንድ ነው። ላይላ 467.8 ሴኮንድ። በዚህ አቆጣጠር ወርቁን የምትወስደው በአንድ ሴኮንድ ከአንድ ዐሥረኛ ብልጫ የከተማዪቱ ተወላጅ ግራሴገር ትሆን ነበር ማለት ነው።

ልዩነቱ የመጣው ከየት ነው? ስላሎም አጭር ስለሆነ ነው። በአምስት ደቂቃ ውድድር ላይ አንድ ሴኮንድ መዘግየት የሚያስቀንሰው የአንድ ነጥብ ሲሶ ያህል ነው፤ በሁለት ደቂቃ ከ22 ሴኮንድ ውድድር ላይ ግን ያው አንድ ሴኮንድ ሰባት ዐሥረኛ ነጥብ ያህል ይወስዳል። ስለዚህ በስላሎም የተገኘ ሴኮንድ በቁልቁለት ከተገኘው ሴኮንድ በእጥፍ ይበልጥ ነበር። በዚህ ምክንያት ክራንትስ ያላግባብ አሸነፈች ለማለት አንደፍርም። ደንቡ ከውድድሩ በፊት ለሁሉም የታወቀ ነበር፤ ሌላ ደንብ ቢሆን ኖሮ ተወዳዳሪዎቹም በሌላ ዘዴ ይወርዱ ነበር፤ ወድቆ ተነሥቶ በማግሥቱ ሁሉን በ11 ሴኮንድ መብለጥም የማንም ሰው ሥራ አይደለም። የሚቆጨን ሌላ ነገር ነው። የቁልቁለቱ ውድድር በራሱ ቆሞ አሸናፊ እያለው፣ አሸናፊዋ የነሐስ ሜዳይ ይዛ ወደ አገሯ ተመለሰች። ቢርገር ሩድ የተባለው ኖርዌያዊም በወንዶቹ ቁልቁለት አንደኛ ወጥቶ በስላሎም ስለቀረ በጠቅላላው አራተኛ ሆነ፤ ወርቁን የወሰደው ጀርመናዊው ፍራንዝ ፕፍኑር ነው። ሩድ እንኳ በኋላ በዝላይ የወርቅ ሜዳይ አግኝቶ ተካክሷል። የሚያስደንቀው ግን የቁልቁለትን ውድድር የናቁት ኖርዌያውያን የወንዱንም የሴቱንም ቁልቁለት በአንድ ኦሊምፒክ ማሸነፋቸው ነው።

ይህን ሁሉ ስንጽፍ ጊዜው ምን ጊዜ እንደ ነበረ መርሳት አይገባንም። ጨዋታውን ከአንድ ቀን በፊት የከፈተው ሒትለር ነበር። በጋርሚሽ አካባቢ አይሁዶች እንዳይገቡ የሚከለክሉት ሰሌዳዎች እንግዶች እንዳያዩአቸው ሲባል ለጊዜው ተነሥተው ነበር። የኢጣሊያም ቡድን ከ28 አገሮች አንዱ ሆኖ በሰላም ተሰልፏል። በዚያው ጊዜ የኢጣሊያ ጦር በአገራችን ላይ የመርዝ ጋዝ ይረጭ ነበር። ጨዋታው ገና ሳይፈጸም፣ የካቲት 2 ቀን 1928 ዓ.ም. ማርሻል ባዶልዮ ራስ ሙሉጌታ በመሸጉበት በአምባ አራዶም ላይ ማጥቃት ጀመረ። በዚያው ሳምንት በጋርሚሽ በረዶ ላይ ለማሳያ በተደረገው የወታደሮች የስኪ ውድድር አንደኛ የወጡት አልፒኒ የሚባሉት የኢጣሊያ የተራራ ወታደሮች ነበሩ፤ የአልፒኒ ክፍለ ጦርም በትግራይ ተራሮች ላይ ይዋጋ ነበር። የዓለም ጋዜጦች በአንድ ገጽ የስኪውን ሰዓት፣ በሌላው ገጽ የጦርነቱን ወሬ ሲያትሙ፣ ይህን ጉዳይ ከኦሊምፒክ ሸንጎ ፊት ያቀረበልን አልነበረም። ኢትዮጵያ በክረምት ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈችው ከ70 ዓመት በኋላ በ2006 ነው፤ ሮቤል ተክለማርያም በአገር አቋራጭ ስኪ የተወዳደረው በኢጣሊያ አገር በቶሪኖ ነበር።

ከጋርሚሽ በኋላ ክራንትስ በ1937፣ በ1938ና በ1939 በተደረጉት የዓለም ሻምፒዮናዎች እየደጋገመች አሸንፋ የወርቅ ሜዳዮቿን 12 አደረሰች። በዓለም ሻምፒዮና ታሪክ ትልቅ ቁጥር ነው። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ የ1940 ኦሊምፒክ ቀረ፤ የስኪ ተወዳዳሪ የነበረው ወንድሟ ሩዲ በ1941 በጦር ሜዳ ሞተ። ከጦርነቱ በኋላ ከባሏ ጋር በደቡብ ጀርመን የስኪ ትምህርት ቤት ከፍታ ብዙ ልጆች አስተማረች፤ በ2004 አረፈች።

ለቁልቁለት ውድድር ብቻውን ሜዳይ የተሰጠው በ1948 በሴንት ሞሪትዝ ነው። በሴቶች በኩል የመጀመሪያዋ ባለ ወርቅ የስዊስ ተወዳዳሪ ሔዲ ሽሉኔገር ስትሆን፣ 2 ደቂቃ ከ28.3 ሴኮንድ ፈጅቶባታል፤ የኦስትሪያዎቹ ትሩዴ ባይዘርና ሬዚ ሀመረር ከሁለት ሴኮንድ ባነሰ ልዩነት ተከትለዋት ገቡ። በ1956 በኮርቲና የስዊሷ ማደሌን ቤርቶ በተወለደችበት ቀን፣ 25 ዓመት ሲሞላት፣ ሁለተኛዋን በ4.7 ሴኮንድ በልጣ አሸንፋለች። ከዚያ ወዲህ ልዩነቱ እየጠበበ ሄዶ በ2014 በሶቺ የስሎቬንያዋ ቲና ማዜና የስዊሷ ዶሚኒክ ጊዚን እስከ ሴኮንድ መቶኛ ድረስ እኩል ሆነው ሁለቱም ወርቅ ወስደዋል። ሁለቱን ውድድሮች አንድ ላይ የሚያስበው ሜዳይ ከ1948 በኋላ ተቋርጦ በ1988 ተመልሷል። በ1988ና በ1992 አሁንም በነጥብ ተሰላ፤ በ1994 ግን በኖርዌይ በሊልሃመር ነጥቡ ቀርቶ የሁለቱ ውድድር ሰዓት እንዲሁ ተደመረ። ለኬቴ ግራሴገር ይህ ደንብ 58 ዓመት ዘግይቶባታል።

ላይላ ሹ ኒልሰን ወደ ስኬቲንጓ ተመልሳ በ1937ና በ1938 የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ቴኒስም ትጫወት ነበርና የአገሯ ሻምፒዮን ሆናለች፤ በ1998 እስክታርፍ ድረስ ኖርዌያውያን ካፈሯቸው ብዙ ሞያ ካላቸው ስፖርተኞች አንዷ ተብላ ስትጠራ ኖረች። የሴቶች የፍጥነት ስኬቲንግ በኦሊምፒክ ሜዳይ የሚሰጥበት ስፖርት የሆነው በየካቲት ወር 1960 በአሜሪካ በስኳው ቫሊ ነው። በዚያን ጊዜ ላይላ 41 ዓመት ሊሞላት አንድ ወር ያህል ቀርቷት ነበር።